የቤት ዋይፋይና የግል መረጃ ጥበቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ርዕስ ላይ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ "ምን ልግዛ?" ብለው ነው የሚጀምሩት። የትኛውን ቪፒኤን፣ የትኛውን አንቲቫይረስ፣ የትኛውን አዲስ ራውተር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ ሴቲንግ ይስተካከል ባይ ነኝ። ትልቁ ጥበቃ ያለው እዚያ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ከታች ያሉት መልሶች ከዚህ የተነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ላድርግ ብል ከየት ልጀምር?

ከኢሜይላችሁ ጀምሩ። ባንኩም፣ ፌስቡኩም፣ የሥራው አካውንትም "ፓስወርድ ረሳሁ" ሲባል አዲስ መግቢያ የሚልኩት ወደ ኢሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ የተወሰደበት ሰው ሌላውም ሁሉ ተወሰደበት ማለት ነው። ሌባው አንድ በአንድ መስበር አይጠበቅበትም፤ እየጠየቀ ይቀበላል።

ለኢሜይል ብቻ የሚሆን ፓስወርድ አውጡ፤ ሌላ ቦታ አትድገሙት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ አብሩ። ከዚያ እግረ መንገዳችሁን የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩን እዩ። ከዓመታት በፊት የተዋችሁት ቁጥር ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝርም ተመልከቱ፤ የሸጣችሁት ስልክ እዚያ ውስጥ ካለ አስወጡት። በመጨረሻ ኢሜይላችሁ በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ ተደርጎ እንደሆነ ፈትሹ። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። አንድ ጊዜ የገባ ሰው ማስተላለፊያ አዘጋጅቶ ከወጣ፣ ፓስወርድ ብትቀይሩም ደብዳቤዎቻችሁን ማንበቡን አያቆምም።

ራውተሩ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

ራውተሩን አንሱና ገልብጡት። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ትንሽ ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፓስወርዶች አሉ፤ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዋይፋዩን ለመጠቀም ነው። ሌላው ራውተሩን ራሱን ለማዘዝ ነው፤ እሱን ከእናንተ ውጪ ማንም ሊያውቀው አይገባም።

እዚያው ስቲከር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኛችሁ ብሮውዘር ክፈቱና ቁጥሩን ከላይ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ ጻፉት። አልከፍትም ካለ፣ ስልካችሁ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ነክታችሁ ዝርዝሩን እዩ። "ጌትዌይ" ወይም "ራውተር" ከሚለው ጎን ትክክለኛው ቁጥር አለ። ብሮውዘሩ "ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" ቢላችሁ አትደንግጡ። ራሳችሁ ቤት ያለ ራውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ከዚያ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ሁለቱም ቦታ "አድሚን" ብላችሁ ከገባችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉና መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

"አድሚን" ብሎ መተው ያን ያህል አደጋ አለው? እኔን ማን ብሎ ያጠቃኛል?

እናንተን ብሎ የሚመጣ የለም። የሚመጣው ፕሮግራም ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ ግድ የለውም።

በ2016 ሚራይ የሚባል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ተነሳ። በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደህንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። ምንም ረቂቅ ጥበብ አልተጠቀመም። ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሰጡ 60 ያህል የታወቁ ዩዘርኔሞችና ፓስወርዶች ይዞ በየተራ ይሞክር ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የመቀየር አገልግሎት) ድርጅት ሲያጠቁበት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ብዙዎቹ ምንም አላወቁም። ካሜራው ይሠራል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፤ ምናልባት ትንሽ ይንቀራፈፍ ይሆናል። እኔን ጭንቅ የሚለኝ ይሄ ነው። ዕቃው ለሌላ ሰው እየሠራ ባለቤቱ አያውቅም።

ከገባሁ በኋላ ምን ምን ልቀይር?

የአድሚን ፓስወርዱ ከተቀየረ ቀጥሎ የዋይፋዩን የደህንነት ዓይነት እዩ። "ደብሊውፒኤ3" ካለ እሱን ምረጡ። ከሌለ "ደብሊውፒኤ2" ይሁን። አሮጌ ስልክ አልገናኝም ካለ ሁለቱን የሚያደባልቀውን ምርጫ ውሰዱ። "ደብሊውኢፒ" የሚል ካያችሁ ግን እንደተከፈተ ዋይፋይ ቁጠሩት። በ1997 የወጣ ነው፤ ገና በ2001 ተሰብሯል። ደብሊውፒኤ2 በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 ደግሞ በ2018 የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ "ደብሊውፒኤስ" የሚለውን አጥፉ። ይህ ፓስወርድ ሳይጻፍ ለመገናኘት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ አንዱ መንገዱ 8 አሃዝ ያለው ፒን ነው። 8 አሃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን አማራጭ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ 4ቱን፣ ከዚያ የቀሩትን። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። ስለዚህ የሚሞክረው ሰው ቢበዛ 11,000 ጊዜ መሞከር ብቻ ይበቃዋል። ይህ በ2011 በይፋ ታውቋል፤ ሆኖም ዛሬም ደብሊውፒኤስ በርቶ የሚመጣ ራውተር አለ። የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ የቱንም ያህል ቢጠነክር በዚህ በኩል መግባት ከተቻለ ዋጋ የለውም።

ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችለውን አማራጭም አጥፉ። ቤታችሁ ሆናችሁ የምታስተካክሉት ከሆነ አያስፈልጋችሁም። "ዩፒኤንፒ" የሚለውን (ዕቃዎች ሳያስፈቅዱ ራውተሩ ላይ ከውጭ መግቢያ እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን)፣ ቤት ውስጥ የኦንላይን ጌም የሚጫወት ሰው ከሌለ፣ እሱንም አጥፉት። አፕዴት ካለ ጫኑ፤ በራሱ እንዲጭን ማድረግ ከተቻለ ደግሞ በጣም ጥሩ።

የዋይፋዩን ስም በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የራሳችሁን ስምም የቤት ቁጥርም አታድርጉት። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

ስሙን ብደብቀውስ?

ጥቅም የለውም። እንዲያውም ስልካችሁ በየሄዳችሁበት የተደበቀውን ስም እየጠራ ይፈልገዋል። ለተወሰኑ ስልኮች ብቻ የሚፈቅደው ማጣሪያም ያው ነው፤ የተፈቀደለትን ስልክ አድራሻ ኮርጆ መግባት ለሚያውቅበት ሰው ከባድ አይደለም። ድካማችሁን ለፓስወርዱ አውሉት።

ጥሩ ፓስወርድ እንዴት ያለ ነው? ስልክ ቁጥሬን ባደርገውስ?

ስልክ ቁጥር አታድርጉ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ነው።

ደብሊውፒኤ2 ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን አጭር ሰላምታ በአቅራቢያው ያለ ሰው መቅዳት ይችላል። ቀድቶ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ግምቱን ይሞክራል፤ ራውተራችሁ ምንም አያውቅም፣ "ብዙ ጊዜ ተሳስተሃል" ብሎ አይከለክለውም። ስልክ ቁጥር አጀማመሩ ስለሚታወቅ፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደብሊውፒኤ3 የመጣው በዋናነት ይህን ለመዝጋት ነው።

መላው ርዝመት ነው። የዋይፋይ ፓስወርድ ከ8 እስከ 63 ፊደል መያዝ ይችላል፤ 8ቱ ላይ አትቁሙ። እርስ በርስ የማይገናኙ 4 ወይም 5 ቃላት ምረጡ። ለምሳሌ "ቀጭኔ መሰላል ረቡዕ ጠመኔ ብርድ" ዓይነት (ይህንኑ ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ)። የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ጥሩ መንገድ ነው። ጣጣው አንድ ነው፦ "ቀጭኔ" የሚለውን አንዱ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ አጻጻፉን ወረቀት ላይ አስፍሩና ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ግጥም፣ ጥቅስ አትጠቀሙ፤ ሰው የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚሞከር ነው።

ፓስወርድ በየሦስት ወሩ መቀየር አለበት ይባላል። እውነት ነው?

ዱሮ ይባል ነበር። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ሰውን በየጊዜው ቀይር ማለት አያስፈልግም ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ይቀይርና ያልፋል። መቀየር ያለበት ወጥቶ እንደሆነ ወይም ለሰው ተሰጥቶ እንደሆነ ነው።

መውጣቱን ለማወቅ "ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ" (Have I Been Pwned) የሚባል ድረ ገጽ አለ። ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ የደህንነት ባለሙያ በ2013 የከፈተው ነው፤ በነፃ ይሠራል። ኢሜይላችሁን ብቻ ታስገባላችሁ፤ ከየትኛው ድርጅት ሾልኮ እንደወጣ ያሳያችኋል። የወጣ ካገኛችሁ፣ ያንኑ ፓስወርድ የደገማችሁበትን ቦታ ሁሉ ቀይሩ። ሌቦች አንድ ቦታ የወጣውን ይዘው ሌላው ቦታ ሁሉ ይሞክሩታልና።

ይህን ሁሉ ፓስወርድ በቃል መያዝ አይቻልም። ቢትዋርደን ወይም ኪፓስን የመሰለ ፓስወርድ መያዣ ተጠቀሙ። አፕ ለማይወድ ሰው፣ ለምሳሌ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደብተርም ጥሩ ነው። ሩቅ ያለ ሀከር ደብተር አይገልጥም።

ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ መቀበል ይበቃል?

ከምንም በጣም ይሻላል። ሆኖም ቁጥራችሁን በሌላ ሲም ካርድ ላይ አስወጥቶ ኮዱን የሚቀበል አጭበርባሪ አለ። በየ30 ሰከንዱ ቁጥር የሚቀይረው የማረጋገጫ አፕ ከዚህ ይጠብቃል፤ ኮዱ እዚያው ስልካችሁ ውስጥ ስለሚሰላ በሲም አይመጣም። አፑን ስታዘጋጁ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልኩ ቢጠፋ መግቢያችሁ እነሱ ናቸው።

ከሲም ማጭበርበሩ ይልቅ ግን በየቀኑ ሰው የሚያስበላው ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ ከምታውቁት ሰው መልእክት ይመጣል። "ሰላም ነው? ይቅርታ፣ አንድ ኮድ በስህተት ወደ አንተ ስልክ ተልኮብኛል፣ ላክልኝ እስኪ ቶሎ በል።" ፎቶው የእሱ ነው፣ ስሙ የእሱ ነው። ወዲያው 5 አሃዝ ያለው ኮድ ይደርሳችኋል። የዚያ ሰው አካውንት ቀድሞ ተወስዷል፤ ኮዱ ደግሞ የእናንተው አካውንት መግቢያ ነው። ከላካችሁት፣ በደቂቃዎች ውስጥ በእናንተ ስም ለዘመዶቻችሁ ያንኑ መልእክት ይልካል። ገንዘብ አበድሩኝ ማለትም ይከተላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ለወንድምም ቢሆን። ተጠራጠራችሁ? በመደበኛ ስልክ ደውሉለት። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ አውጡ። እሱ ከሌለ የኤስኤምኤሷ ኮድ ብቻዋን አካውንቱን ትከፍታለች። እሱ ካለ ግን ኮዷ ብትሰረቅም ሌባው ውጭ ይቀራል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ የምጽፈውን ሌላ ሰው ማየት ይችላል?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ያመሰጥራል፤ መሃል ላይ ድርጅቱ ራሱ አያነበውም። ማን ከማን ጋር መቼ እንደተጻጻፈ ግን ያውቃል። ባክአፕ ካላችሁ ደግሞ እሱን ማመስጠሪያ ሴቲንጉን ለብቻ ማብራት አለባችሁ፤ ከ2021 ጀምሮ አለ።

የቴሌግራም ተራ ቻት እንደዚያ አይደለም። መልእክቱ በመንገድ ላይ የተመሰጠረ ነው፤ ሆኖም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ መክፈቻውም በድርጅቱ እጅ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚመሰጠረው "ሲክሬት ቻት" ብቻ ነው። እሱንም ከሰውየው ፕሮፋይል ገብታችሁ ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ፤ ግሩፕ ላይ ደግሞ የለም። ቴሌግራም አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የመታወቂያ ፎቶ፣ የሕክምና ወረቀት፣ ፓስወርድ በተራ ቻት ልኮ እዚያው መተው ልክ አይመስለኝም።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ውስጡ ሊይዝ ይችላል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይህ መረጃ ይወጣል። እንደ ፋይል ስትልኩት ግን እንዳለ ይሄዳል። የካሜራውን የቦታ ፈቃድ ማጥፋት ነገሩን ከሥሩ ይዘጋዋል።

ቪፒኤን ያስፈልገኛል?

ማስታወቂያዎቹ "ያለ ቪፒኤን ባንክ አትግቡ" ይሏችኋል። ይህ ከ15 ዓመት በፊት ቢባል ያስኬድ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚሠራው። ይህም ደብዳቤን በታሸገ ፖስታ እንደመላክ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ያነባል፤ ውስጡን አያይም። ባንካችሁ ውስጥ ምን እንዳደረጋችሁ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁም፣ የዋይፋዩ ባለቤትም አያይም። ወደ ባንኩ መሄዳችሁን ግን ያያል።

ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው፤ የሚያደርገው ይህን አድራሻ መደበቅ ነው። ከማን ነው የሚደብቀው? ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁና ከዋይፋዩ ባለቤት። ለማን ነው የሚያሳየው? ለቪፒኤኑ ድርጅት። መተማመኛችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞራችሁ እንጂ አላስቀራችሁም። ስለዚህ ጥያቄው "ከሁለቱ ማንን የበለጠ አምናለሁ?" ነው። የማታውቁት ቦታ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ወይም አቅራቢያችሁ የምትሄዱበትን እንዲያይ ካልፈለጋችሁ ቪፒኤን ይጠቅማል። ፌስቡክና ጎግል ግን ገብታችሁ እስከተጠቀማችሁ ድረስ በቪፒኤንም ያውቋችኋል። ከቫይረስም፣ ከአጭበርባሪ ሊንክም አይጠብቅም።

ከሁሉም የምፈራው "ነፃ" የሚባሉትን ነው። ሰርቨር ገንዘብ ይፈልጋል። ከእናንተ ካልተቀበለ ከየት እንደሚያመጣው ጠይቁ። ለሚከፈልበት አገልግሎት ናሙና ብለው በነፃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ቢያንስ ገቢያቸው ይታወቃል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ በማስታወቂያ የተሞላ አፕ ግን የምትሄዱበትን ሁሉ በእጁ አስገብታችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ከእሱ ያለ ቪፒኤን መሆን ይሻላል።

ኢንኮግኒቶ (ብሮውዘሩ የገባሁበትን የማይመዘግብበትን መስኮት) ስከፍት ማንም አያየኝም አይደል?

ያንኑ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀጥሎ የሚይዝ ሰው አያይም። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። የኢንተርኔት አቅራቢውም፣ የምትገቡበት ድረ ገጽም ያያሉ። ጎግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 ተከሶ ነበር፤ በ2024 በስምምነት ሲዘጋ በኢንኮግኒቶ የተሰበሰበ መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል።

ዲኤንኤስ ቀይር ይሉኛል። ምንድነው?

የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር አገልግሎት ነው። ካልነካችሁት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአቅራቢያችሁ በኩል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ 9.9.9.9 ብታደርጉት የታወቁ የአጭበርባሪ ገጾችን ይዘጋላችኋል። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ 1.1.1.3 ለአዋቂ ብቻ የሆኑ ገጾችንም ይከለክላል። ራውተሩ ላይ አንዴ ከተቀየረ የቤቱን ስልክ ሁሉ ይሸፍናል። ፍጹም አይደለም፤ ስልኩን ወደ ሞባይል ዳታ የቀየረ ልጅ ያልፈዋል። ሆኖም ለሁለት ደቂቃ ሥራ ብዙ ነው።

ስለ አንድ ዕቃ ሳወራ ማስታወቂያው ይመጣል። ስልኬ ያዳምጠኛል?

ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፤ ጥርጣሬውም ይገባኛል። በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን መርምረው በድብቅ ድምፅ ቀርጾ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፦ አንዳንዶቹ አፖች ስክሪኑን እየቀረጹ ይልኩ ነበር።

ማስታወቂያው የሚያገኛችሁ በሌላ መንገድ ነው። እናንተ ያወራችሁትን ዕቃ ያወራላችሁ ጓደኛ ቀድሞ ጎግል ላይ ፈልጎታል። ሁለታችሁ በአንድ ዋይፋይ ላይ ነበራችሁ፣ ስልክ ቁጥሮቻችሁ በየስልኮቻችሁ ውስጥ አሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት አሳልፋችኋል። ይህን የሚያገጣጥም ድርጅት ድምፃችሁን አያስፈልገውም። እኔ እንደማየው ይህ ከማዳመጥ የከፋ ነው።

ስለዚህ ፈቃዶቹን ፈትሹ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የፈቃድ ዝርዝሩን ክፈቱና "ቦታ"፣ "ማይክሮፎን"፣ "የስልክ ቁጥሮች" የሚሉትን አንድ በአንድ እዩ። ባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ ስልክ ቁጥሮቻችሁን ምን ያደርግለታል? ከልክሉት። ቁጥሮቹ የእናንተ ብቻ አይደሉም፤ የጓደኛችሁን፣ የሐኪማችሁን፣ የልጃችሁን መምህር ቁጥር ነው ያለ ፈቃዳቸው የምትሰጡት። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ማይክሮፎን ወይም ካሜራ ሲሠራ ከላይ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። አይፎን ላይ ለማይክሮፎን ብርቱካናማ፣ ለካሜራ አረንጓዴ ነጥብ ነው። ሳትጠሩት ሲበራ ካያችሁ የትኛው አፕ እንደሆነ ከዚያው ታውቃላችሁ።

ጎረቤት ዋይፋዬን እየተጠቀመ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ራውተሩ ውስጥ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ከፍታችሁ ቁጠሩ። የማታውቁት ስም ብታዩ ቶሎ ሰው አትጠርጥሩ። አዳዲስ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለያየ አድራሻ እየፈጠሩ ስለሚገናኙ የራሳችሁ ስልክ ሊሆን ይችላል። ቲቪውም እንግዳ ስም ይዞ ይመጣል። የቤታችሁን ዕቃዎች ዋይፋይ አንድ በአንድ አጥፉና ከዝርዝሩ ማን እንደጠፋ እዩ። ሁሉም ጠፍቶ አንድ ከቀረ እሱ የሰው ነው። ጎረቤት ማስቀየም አያስፈልግም፤ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ አበቃ።

እንግዳ ሲመጣስ?

ራውተራችሁ የእንግዳ ኔትወርክ የሚል ካለው አብሩትና እሱን ስጡ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ ኮምፒውተራችሁንና ፕሪንተራችሁን አያገኝም። ቲቪውንና ካሜራዎቹንም እዚያው ላይ አድርጓቸው። አፕዴት የማያገኙት ዕቃዎች በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ዋይፋዬ ለምን ይንቀራፈፋል?

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከፓኬጁ ነው፤ አቅራቢያችሁን አነጋግሩ። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ ጉዳዩ የቤታችሁ ነው። ስትለኩ ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታቱባችሁ። 40 ሜጋቢት የተባለ መስመር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በሰከንድ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ። ብዙ "ተጭበረበርኩ" የሚል ቅሬታ እዚህ ላይ ያልቃል።

የቤቱ ከሆነ ቦታውን እዩ። ራውተር ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከቲቪ ኋላ ወይም ወለል ላይ አይቀመጥም። ከፍ አድርጉት፣ ወደ ቤቱ መሃል አምጡት። ኮንክሪት፣ ብረት፣ ትልቅ መስታወትና ውሃ የያዘ በርሜል ሲግናሉን ይበሉታል። ከግድግዳ ጥግ ሁለት ሜትር ማራቅ ብቻ ልዩነት የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ሁለቱን ሞገዶች ለዩ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው። ማይክሮዌቭ ኦቨን እንኳ ሲሠራ ይረብሸዋል፤ የሚጠቀመው ያንኑ አካባቢ ሞገድ ነውና። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ሁለት ግድግዳ ሲመጣበት ግን ይደክማል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ላሉት 5፣ ለሩቁ ክፍል 2.4 ተጠቀሙ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነና የጎረቤት ዋይፋይ የበዛ ከሆነ 2.4ቱን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት። እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ሪፒተር (የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ ወደ ሩቅ የሚያስተላልፍ ዕቃ) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሁሉ ሞክሩ። ብዙዎቹ ርካሽ ሪፒተሮች በአንዱ ሞገድ ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ከገዛችሁም ሲግናል የሌለበት ጥግ ላይ አትሰኩት፤ የሌለውን ሊያባዛ አይችልም። መሃል መንገድ ላይ፣ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበት ቦታ ይሁን።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት እውነት ይጠቅማል?

ለፍጥነት አንዳንዴ ይጠቅማል። ለደህንነትም የጠቀመበት ጊዜ አለ። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ማልዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን ይዞ ሲገኝ ኤፍቢአይ ሰው ሁሉ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ ጠይቆ ነበር። ማጥፋቱ አደገኛውን ክፍል ያራግፈዋል። ሥሩን ግን አያወጣውም፤ ለእሱ ፋብሪካ ሪሴትና አፕዴት ያስፈልጋል።

ታዲያ አዲስ ራውተር የምገዛው መቼ ነው?

አምራቹ አፕዴት ማውጣት ሲያቆም ነው። የራውተሩን ሞዴል ከስቲከሩ ላይ አንብቡና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻው አፕዴት መቼ እንደወጣ እዩ። ዓመታት ካለፉት ወይም "ድጋፍ አብቅቷል" ከተባለ፣ የተገኘበት ቀዳዳ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ሴቲንግ የማያድነው ይህ ብቻ ስለሆነ ገንዘቡን እዚህ ላይ አውጡ። ራውተሩ የአቅራቢያችሁ ንብረት ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ስትገዙ ደብሊውፒኤ3 ያለው መሆኑን፣ በራሱ አፕዴት የሚያደርግ መሆኑን፣ አምራቹ እስከ መቼ አፕዴት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ማስቀመጡን እዩ። የአንቴናው ብዛት አያታላችሁ።

አሮጌውን ለሰው ከመስጠታችሁ ወይም ከመጣላችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰካ ከኋላው ያለችውን ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ። መብራቶቹ በአንድ ላይ ጠፍተው ሲበሩ የዋይፋይ ፓስወርዳችሁና የኢንተርኔት አካውንታችሁ ከውስጡ ወጥቷል።